ዝናብ ሲጥል የማትነሳው መኪና

በ1989 ክረምት፣ የባሏ የተሰማ አርባ በሚወጣበት ጠዋት፣ አሰለፈች ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወዳለው መቃብሩ የምሄደው በእሱው አሮጌ መኪና ነው ብላ ቆረጠች። መኪናዋ ግን ዝናብ ሲጥል አትነሳም። የአቃቂው መካኒክ የሺዋስ ኮፈኑን ከፍቶ የካንዴላ ገመዶቹን ዳሰሰ።

«እትዬ፣ ተሰነጣጥቀው ውሃ ገብቶባቸዋል። እሳቱ ካንዴላው ጋ አይደርስም።»

በጨርቅ አደረቃቸውና ኮፈኑን ዘጋ። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ አቃሰተና ዝም አለ። መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

«አይዞዎት፣ በግፊ እናስነሳታለን። ማርሽ ሁለት ያስገቡና ፍሪሲዮኑን ረግጠው ይጠብቁኝ። የሚገፋ ሰው ልጥራ።»

የሺዋስ ጭቃውን እየረገጠ ዳገቱን ወደ ጎረቤት ሲወጣ በፊት መስታወቱ አሻግራ ታየዋለች። ያኔ መኪናዋ ከኋላ ተገፋች፤ ዳገቱንም ቀስ ብላ መውጣት ጀመረች። የሺዋስ የጎማዎቹን ድምፅ ሰምቶ ዞረ፤ ከአሰለፈች ኋላ ያለውን ሲያይ ባለበት ደርቆ ቀረ።

ከኋላዋ የሚያለከልከው ባሏ ተሰማ ነበር። ትንፋሹን ታውቀዋለች።

«በይ አስሉ፣ አሁን ልቀቂ» አላት።

ፍሪሲዮኑን ከለቀቀች ሞተሩ ይነሳል፤ እሱም መግፋቱን ይተዋል።

እግሯን አላነሳችም።