እንባ ያጣች እህት

ደብሪቱ ልብስ የምትሰፋበት ፋብሪካ፣ ሠራተኛው እንዳይጨነቅ ብሎ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሐዘኑን ከውስጡ አውጥቶ ያነሣለታል። አንገት ላይ በመሣሪያ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው፤ አያምም። ወንድሟ አየነው የሞተ ዕለት ግን ሐዘኗን ፈለገችው። ግትርነቷን አልነኩባትም ነበርና በር ላይ ወዳለው ባለሙያ ሄደች።

«የኔ ወንድም፣ ለሦስት ቀን ብቻ መልስልኝ። ለቅሶ ልቀመጥ ነው።»

«እትዬ፣ የተነሣ አይመለስም። ደግሞ ለጤናዎ ነው» አላት ፈገግ ብሎ።

«እንዲህ ያለውን ጤና ለጠላቴ ይስጠው!» ብላው ወጣች።

ለቅሶ ቤት ስትገባ እናቷ ደረቷን እየደቃች መጥታ ተጠመጠመችባት። ደብሪቱ እንባ እንዲመጣላት በነጠላዋ ሥር ጭኗን ቆነጠጠች። አመማት እንጂ ምንም አልመጣም።

«ምነው፣ ሠርግ መሰላት እንዴ?» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ።

እናቷ እጇን አወረደችና የልጇን ፊት አየችው።

«እኔ አንድ ሞተብኝ ብዬ ሳለቅስ» አለች፣ «ለካ ሁለት ናችሁ።»

ደብሪቱ ይህን ሰምታም አልከፋትም። ጆግና ማስታጠቢያውን አንሥታ ለቀስተኛውን ማስታጠብ ጀመረች።