እሁድ እሁድ ወደ ዓለም ሳጋ

አንዱአምላክ ሽርሽር የሚወድ ሰው አልነበረም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የቅየሳ መሣሪያ ተሸክሞ ገደል ለገደል ስለሚዞር እሁድን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። በዚህ ጥቅምት ግን ሁለት እሁድ በተከታታይ ሳይክል ተከራይቶ ከደብረ ታቦር ወደ ዓለም ሳጋ ደን ወረደ። እጮኛው እሌኒ ምን ነካህ ብትለው፣ “ጫካ ውስጥ ትንሽ ልራመድ ብዬ ነው” አላት።

እሌኒ የሂሳብ መምህርት ናት፤ ያልተደመረ ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ዘመድ ለዘመድ እንዳይጋቡ ሰባት ቤት ተቆጥሮ አልቋል። የቆጠሩት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ፈንታሁን ናቸው። የሁለቱንም ወገን የአባት አባት፣ የአባት አባት እያሉ እንደ ዳዊት ደገሙትና “ንጹሕ ነው” ብለው ጠላቸውን ጨለጡ። የቀረው ድንኳንና ቬሎ ብቻ ነበር።

ሰውየው የቀዘቀዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እብናት የእሌኒን የእናቷን እናት፣ እማማ ትእዛዝን፣ ሊጠይቁ ሄደው ነበር። እማማ እጁን ይዘው ስለ ልጅነታቸው ሲያወጉት ዋሉ፤ እሌኒ ጓዳ ስለነበረች ምን እንዳሉት አልሰማችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲስማት ጉንጯን ብቻ ሆነ። የእማማ ትእዛዝን ጎጆ አይቶ ድህነታችንን ናቀ ብላ አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት ግን ከጃኬቱ ኪስ ብጣሽ ወረቀት አገኘች። “ዝናሽ። ዓለም ሳጋ፣ ከደኑ ሥር” ይላል። ዝናሽ የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ወረቀቱን መልሳ ከተተችው። ይህችን ዝናሽ የምትባል ሴት በዓይኗ በብረቱ ሳታይ ቬሎ እንደማትለካ ለራሷ ማለች።

እሁድ ጠዋት እሷም ሳይክል ተከራይታ በሩ ላይ ጠበቀችው።

“የት ልትሄጂ ነው?” አላት ደንግጦ።

“ካንተ ጋር። እኔም ትንሽ ልራመድ።”

“ቁልቁለት ነው እኮ። የኪራይ ሳይክል ፍሬን ደግሞ አያስተማምንም።”

“አንተን አስተማምኖህ የለም?”

ሳይክሉ ላይ ወጣ። ከሳይክሉ ኋላ ጥቁር ፌስታል ታስሯል፤ ከፌስታሉ አፍ የአዲስ ነጠላ ጥለት ብቅ ብሏል። እሌኒ አየችው፤ እሱም ማየቷን አየ።

በወረታ መንገድ ወረዱ። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ አየሩ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች እሌኒን በሳይክል ሲያዩ እየቆሙ አፋቸውን ይይዛሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትሞት ነበር። ዛሬ ዓይኗ ከፊቷ ከሚወዛወዘው ፌስታል አልተነቀለም።

ደኑ ሲደርሱ ጥበቃው ደምሴ አንዱአምላክን ገና ከሩቅ ለየው። “እህ፣ ዛሬስ ተገኘ?” ብሎ ጀመረና ከኋላው እሌኒን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ሰላምታ ሰጣት። አንዱአምላክ ሳይክሉን አጋድሞ ፌስታሉን ፈታ።

“እዚህ ጥዱ ሥር ጠብቂኝ። አሥር ደቂቃ ነው።”

“አብረን ልንራመድ አልነበር?”

“እባክሽ እሌኒ።”

እንዲህ ለምኗት አያውቅም። ጀርባው ከዛፎቹ መሀል ሲጠፋ እስከ መቶ ቆጠረች፤ ከዚያ ተከተለችው።

ከደኑ ሥር አንዲት የሣር ጎጆ ነበረች። እሌኒ ከግድግዳው ተለጥፋ አዳመጠች። አንዱአምላክ እያለቀሰ ነው።

“እወዳታለሁ እኮ” ይላል። “ያለ እሷ መኖር አልችልም።”

እሌኒ በሩን በእግሯ ከፈተችው።

ከአንዱአምላክ ሌላ ውስጥ የነበሩት አንዲት መነኩሲት ብቻ ናቸው። አዲሱን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

“ዝናሽ የታለች?” ብላ ጮኸች።

“ጮክ በይ ልጄ፤ ጆሮዬ ከድቶኛል” አሉ መነኩሲቷ።

“ዝናሽ! ዝናሽ የታለች?”

“ዝናሽ? ዝናሽማ እህቴ ናት፤ ከሞተች ሰባ ዓመት አለፋት። የዚህ ልጅ የአያቱ እናት።”

እሌኒ መደቡ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሞተች ሰባ ዓመት ባለፋት ሴት ቀንታ ሰንብታለች! ያለ እሷ አልኖርም የተባለላትም ራሷ እሌኒ ናት። ደስታው ደረቷን ሞላው። “ይቅር በለኝ” ብላ እጁን ያዘች። እጁ በረዶ ነበር። የታዘባት መሰላት።

ልትክሰው ፈልጋ ወደ መነኩሲቷ ዞረች። “እማሆይ፣ እስኪ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ! ጥር ላይ እኔም የቤቱ ልጅ መሆኔ ነው!”

“ዝናሽ ቆንጆ ነበረች” አሉ እማሆይ። “የዚህን ልጅ ቅድመ አያት አግብታ ወንድ ወለደችለት። ኋላ ተጣሉና ልጁን ትታ ቆላ ወረደች፤ እዚያ ሌላ ባል አገባች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ምን ያደርጋል፣ ዝናሽ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ሞተች። ይኸው ይህ ልጅ የዚያችን ሕፃን ስም አስታውሱ ብሎ ሁለት እሁድ ወጥሮ ያዘኝ። ዛሬ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ድንገት ትዝ አለኝ።”

“እማሆይ፣ ይተዉት” አለ አንዱአምላክ። አልሰሙትም።

“ታዲያ ሕፃኗን ማን አሏት?” ብላ ጮኸች እሌኒ፣ እየሳቀች።

“እብናት ላይ ክርስትና አስነሥተው ትእዛዝ አሏት።”