ትኩሱ ወተት

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» እላለሁ፣ ወንበሬን ወደ እናትየው እየሳብኩ። ልጃቸው አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ትኩሳት ከያዛት ሦስት ወር አልፏታል። በመሀል የአምስት ወር ጽንስ ወርዶባታል።

የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ነኝ። ሌሎቹ ግራ ሲገባቸው ወደ እኔ ይልካሉ። ነርሶቹ ዞር ስል «መርማሪዋ» ነው የሚሉኝ፤ አልፈርድባቸውም፣ ሰው በጥያቄ ሳደርቅ ነው የምውለው። ይቺ ልጅ የታይፎይድ መድኃኒት ጨርሳለች፣ የወባም ወስዳለች፣ ሳንባዋም ታይቷል። ጠብ ያለ ነገር የለም። እኔ ጋ ከመጣች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ዓይናችን እያየ ልታልቅ ነው።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?»

«አንዲት ላም አለችኝ። እሷም አልቀናት፣ ጥጃዋን ጊዜው ሳይደርስ ጣለችው። ኧረ ምን ዓይነት ዓመት ነው!»

እስክሪብቶዬ ይቆማል።

«ትታለባለች?»

«ትታለባለች እንጂ! ለዚህች ምስኪን የማመላልስላት እኮ የእሷን ነው። ስታረግዝ ጉልበት እንዲሆናት፣ ስትታመም ደግሞ እንዲያበረታት ብዬ።»

«አፍልተው ነው አይደል?»

«ምን በወጣኝ! ከፈላማ ምን ጉልበት ይቀረዋል? እንደታለበ ፔርሙስ ውስጥ ነው የማደርገው። እሷ ጋ እስክደርስ ትኩስነቱን አይለቅም» ይሉኛል፣ ኮራ ብለው።

ክው አልኩ። የመጣች ዕለት ልጅቷን ጠይቄያት ነበር። «ጥሬ ወተት? ኧረ በጭራሽ! እማዬ የምታመጣልኝን የፈላ ብቻ ነው የምጠጣው» ነበር ያለችኝ። ትኩስ ስለሆነ የፈላ መስሏታል። እኔም አምኜ ሌላ ሌላውን ስቆፍር ዘጠኝ ቀን አባከንኩ። መርማሪ ተብዬ ሞቻለሁ!

«እማማ፣ በሽታውን ሳላገኘው አልቀረሁም» እላለሁ። «ከታመመች ላም ወተት የሚመጣ ነው። ደሟን ዛሬውኑ ለእሱ አስመረምራለሁ። መድኃኒት አለው፤ ረጅም ጊዜ ይፈጃል እንጂ ትድናለች። ወተቱ ግን ከአሁን ጀምሮ ይቁም።»

እጄን ለቀም አድርገው መሳም ይጀምራሉ። «ትድናለች? ተባረኪልኝ፣ ልጄ፣ ተባረኪልኝ…» ከዚያ መሳማቸውን ያቆማሉ።

«ሕፃኑስ?» ይላሉ ቀና ሳይሉ። «እሱም… ከዚሁ ነው?»

ብዙ እናቶች እንዲህ ጠይቀውኛል፤ ለአንዳቸውም ዋሽቼ አላውቅም።

«ሊሆን ይችላል፣ እማማ።»

«እኔ ነኛ» ይላሉ። ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። «በገዛ እጄ፣ በየቀኑ…» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ።

አልጋው ይንቋቋል። ልጅቷ ወደ እኛ ዞራለች።

«ዶክተር፣ እሷን አይስሟት» ትላለች እያለከለከች። «እማዬ አፍልታ ነበር የምታመጣው። ጥሬውን ካላመጣሽ አልጠጣም ብዬ ያስቸገርኳት እኔ ነኝ። አምሮኝ ነበር። እርጉዝ አልነበርኩ?»

«ኧረ ልጄ፣ መቼ…»

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ! አንቺ ትረሻለሽ።» አጥንቱ ብቻ የቀረ እጇን ዘርግታ የእናቷን ጣቶች ጭምቅ ታደርጋለች። ከዚያ እኔን ታየኛለች። የመጣች ዕለት ምን እንዳለችኝ አልረሳችም፤ እኔም እንዳልረሳሁ ታውቃለች።

ካርዷን እከፍታለሁ። «በራሷ ጥያቄ ያልፈላ ወተት ትጠጣ ነበር» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ እናትየው እንዲሰሙት ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።