አረፋው

ፀጉር ሠሪዋ የእናቷን ራስ መታጠቢያው ላይ ደገፍ አድርጋ ሻምፑውን ልትጨምቅ ስትል፣ እናቷ ከቦርሳዋ የእሬት ቅጠል አውጥታ ዘረጋችላት። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ተያዩ።

«እማዬ፣ ደንበኞቼ ፊት ጉድ ልትሠሪኝ ነው?» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በዚህ እጠቢኝ። ከጓሮዬ የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ጎመኑስ?»

«ደረቀ። ከዚህ የሚወርደው አረፋ እኔ ጓሮ ገብቶ አይደል የሚተኛው?»

የልጅቷ እጅ ሻምፑው ላይ ቀረ። የመታጠቢያው ቱቦ ከኋላ ወዳለው ቦይ እንደሚገባ ታውቃለች፤ ቦዩ ግን የት እንደሚደርስ ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽኝ?»

እናቷ ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች። «አረፋው በበዛ ቁጥር፣ ዛሬስ የልጄ ገበያ ደርቷል እያልኩ ደስ ይለኛል።»