የሸሚዝ ጫፍ

ሌላንድ አጋዘኗን እየጎተተ ሲመጣ ሽታዋ ቀድሞት የአዳኞቹ ጎጆ ውስጥ ገባ። ሆዷ በጥይት ተበስቷል፤ ቀዳዳው ከእርሳስ አይወፍርም። ከዚያች ቀዳዳ አረንጓዴ ፈርስ ከመግል ጋር እየተንጠባጠበ ፀጉሯ ላይ ተጋግሯል።

"ጅረቱ ዳር በሕይወቷ አገኘኋት፤ እኔ ነኝ የገላገልኳት" አለ እጁን በበረዶ እየፈተገ። "ይኼን ሥጋ ውሻም አይቀምሰው።"

ቨርና አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች። አስተማሪ ናት፤ በየኅዳሩ ለአዳኞቹ ምግብ ትሠራለች። ምድጃው ተንቀልቅሎ ላቧ በግንባሯ ቢወርድም ካፖርቷን አላወለቀችም።

"ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆና ስትንከራተት" አለች። "ያስጠላል።"

ሁሉም ወደ ኦሪን ዞሩ። ኦሪን የቨርና አጎት ነው። ትከሻውን ካመመው ወዲህ ትልቁን ጠብመንጃ ትቶ፣ ለጥንቸል በምትሆን ትንሽ ጠብመንጃ አጋዘን ያድናል። በዚያ የሰሜን ዊስኮንሲን ደን ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ሌላ ሰው የለም። ቤቱ ሲገባ ከበሩ ጀርባ ይሰቅላታል፤ ቨርና ዳቦ ስታመጣለት ባርኔጣዋን ከጠብመንጃዋ አጠገብ ታንጠለጥላለች።

"አንተ ሽማግሌ፣ በመርፌ አጋዘን ይታደናል?" አለ የጎጆው አለቃ ጉስ።

"አንገቷን ካገኘህ ትወድቃለች። እኔ ሆድ መትቼ አላውቅም።"

"ዓይንህ ደክሞ ሆዱ አንገት መስሎህ ይሆናላ።"

ማንም አልሳቀም። ጉስ ትንሿን ጠብመንጃ አንስቶ አፈሙዟን አሸተተ። "ተተኩሶባታል። አልተወለወለችም።"

"እኔ እኮ ዘንድሮ ገና..." ብሎ ኦሪን ቀና ሲል ከቨርና ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠመ። የቀረውን ዋጠው።

"እሺ" አለ። "እኔ ነኝ።"

በዚያ ጎጆ፣ አጋዘን የሳተ ሰው የሸሚዙ የኋላ ጫፍ ተቆርጦ ግድግዳው ላይ በሚስማር ይመታል፤ ይሳቅበታል። አቁስሎ ጥሎ የሄደ ግን ጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ደጃፉን ዳግመኛ አይረግጥም። ኦሪን አርባ አንድ ኅዳር እዚያ አሳልፏል፤ ከእነሱ ሌላ ወዳጅ የለውም።

"መቀስ ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ቲቸር" አለ ጉስ።

ቨርና የስፌት መቀሷን ከቦርሳዋ አወጣች። አጎቷ ጀርባውን ሰጣት።

"ቀጥ አድርገሽ ቁረጪው፣ ልጄ" አላት ቀስ ብሎ።

ቆረጠችው። ጉስ ግድግዳው ላይ መታው። ኦሪን ባርኔጣውን ደፍቶ በበረዶው ላይ እየተጎተተ ሄደ። ሽታው ከእሱ የመጣ ይመስል ሌላንድ በስተኋላው ምራቁን ተፍቶ በሩን ዘጋ።

ቨርና ቤቷ ገብታ ካፖርቷን አወለቀች፤ የሸሚዟ የኋላ ጫፍ አልነበረም፤ ከሦስት ቀን በፊት በዚያው መቀስ ራሷ ቆርጣው ነበር።