የዓርቧ እንግዳ

ትልቁ ነጭ መርከብ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ቱኒስ ከተማ አጠገብ ወዳለው ላ ጉሌት ወደብ ይደርሳል። ከመንገደኞቹ አብዛኞቹ በቡድን አውቶብስ ይጫናሉ። ባንዲራ ተከትለው መሮጥ የማይወዱት ደግሞ በሩ ላይ ከቆሙት የግል አስጎብኚዎች መካከል ያማርጣሉ።

የዛሬዋ እንግዳ አላማረጠችም። ባርኔጣዋ ሰፊ፣ መነጽሯ ጥቁር፣ ዕድሜዋ ስልሳን ያለፈ ሴትዮ ናት። ቀጥ ብላ መጥታ በፈረንሳይኛ ጠየቀች።

«ዩስራ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ስሜን ማን ነገረዎት?»

«ሰው።»

ዩስራ ፈገግ አለች፤ በልቧ ግን ሥጋት ገባት። ስሟን ለመንገደኞች ሹክ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመርከቡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢልሐሰን። የመርከብ ሠራተኛ ደግሞ ለአስጎብኚ ደንበኛ መላክ ክልክል ነው። ባለፈው ወር የአስጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት መንገደኛ መስሎ የሚዞር ተቆጣጣሪ ልኮ የባልደረባዋን የኒዛርን የአስጎብኚነት ባጅ ነጥቆታል። ኒዛር ይኸው አሁን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባምባሉኒ የሚሉትን ጣፋጭ ሊጥ ይጠብሳል። ባምባሉኒውም አይጣፍጥም።

ቢልሐሰን መርከቡ ሲቆም ሳይደውል የቀረበት ዓርብ የለም። ዛሬ ግን ስልኩ ዝግ ነው። «በቃ፣ ይዘውታል» አለች በልቧ። ለዚያች ባጅ ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃ፣ አልቅሳ፣ እንደገና አጥንታለች። የእሷም የእናቷም እንጀራ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለችው ባጅ ናት።

ስለዚህ ዛሬ ዩስራ ቅድስት ሆነች። የአክስቷን ልጅ ምንጣፍ ቤት ሽቅብ ሽቅብ እያየች አለፈችው። ሌላ ቀን ቢሆን እንግዳዋን እጇን ይዛ ነበር የምታስገባት።

«ዩስራ! ምነው፣ ታወርሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸ የአክስቷ ልጅ ከደጁ።

«ማነው እሱ?» አለች ሴትዮዋ።

«እብድ ነው፣ ማዳም። አይጠጉት።»

ኮረብታው ላይ ያለችው ሲዲ ቡ ሰዒድ መንደር ሲደርሱ ሴትዮዋ ደረጃው ሥር ቆመች። «አንቺ ቅደሚ» አለቻት። ዩስራ ጀርባዋ እስኪበላት ድረስ ቀጥ ብላ ወጣች፤ ሴትዮዋ ከኋላ ዐይኗን አልነቀለችም። ላይ ሲደርሱ ከሩቅ አንድ ሰሌዳ አሳየቻት።

«ከታች ያለችው ትንሿ ጽሑፍ ምን ትላለች?»

ዩስራ ዐይኗን ሳታጠብብ አነበበችላት። በዚህ መሐል ነፋሱ ጸጉሯን በተነው። ሴትዮዋ «ቆይ፣ ላስተካክልልሽ» ብላ መያዣውን ነቀለችና ጸጉሯን በመዳፏ ይዛ ጥቂት ቆየች። ባጁ ላይ ባለው ፎቶ የዩስራ ጸጉር አጭር ነው። «ከፎቶዬ ጋር እያመሳከረችኝ ነው» ብላ ደነገጠች።

ለምሳ ብሪክ አዘዙ። ስስ ሊጥ ታጥፎ፣ ውስጡ ያልበሰለ እንቁላል ተሰብሮ ይጠበሳል፤ በእጅ ይበላል። ዩስራ ለእንግዶቿ ሁሉ የምታወራውን ወሬ አወራች።

«ድሮ የልጅቷ እናት ለማጨት ለመጣው ወንድ ብሪክ ታቀርብለታለች። እንቁላሉን ሳያፈስ ከበላ ሚስት አገኘ። ካፈሰሰ በመጣበት ይመለሳል።»

እንግዶች ሁሉ እዚህ ላይ ይስቃሉ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ብሪኩን አነሣች፣ ጠርዙን ነከሰች፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ጨረሰች። ብሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ፈረንጅ እስከ ክርኑ ይጨማለቃል። ዩስራ ያኔ ቁርጧን አወቀች። ይህቺ ሴት የአገሯ ሰው ናት፤ ፈረንሳይኛውም ባርኔጣውም ማስመሰያ ነው።

«መርከቡ ላይ ቢልሐሰን የሚባል ልጅ አለ። ታውቂዋለሽ?» አለች ሴትዮዋ ጣቷን እየጠረገች።

«አላውቀውም።»

«በመልክም?»

«በመልክም አላውቀውም፣ ማዳም።»

ሴትዮዋ ፊቷ ቅጭም አለ። ጣፋጩን ሳትነካ ተነሣች።

በባቡሩ ወደ ወደቡ ሲመለሱ ዩስራ ራሷን ጠላች። ቢልሐሰን ሥራው ቀለል ባለ ቁጥር ብርቱካን ልጦ እያቀበላት የወደቡ ግንብ ላይ አብሯት የሚቀመጥ፣ እናቷ የታመመች ጊዜ በየቀኑ የሚደውል ሰው ነው። የምትጠብቀውን ቃል ብቻ እስከ ዛሬ አልተነፈሰም። እንዲህ ያለ ፈሪ አይታ አታውቅም፤ ቢሆንም ትወደዋለች። እሱን ነው «በመልክም አላውቀውም» ያለችው።

የመርከቡ በር ላይ ሴትዮዋ ዞር አለች።

«ያ ልጅ ከአስጎብኚዎች ጉርሻ ይቀበላል አሉኝ። እንደዚህ ያለውን ከመርከቡ ማባረር ነው።»

«ውሸት ነው!» የዩስራ ድምፅ ወደቡን ሞላው። ዘበኛው ሳይቀር ዞሮ አየ። «አውቀዋለሁ፣ ማዳም። ቅድም ዋሸሁዎት። ደንበኛ ይልክልኛል፤ ግን አምስት ሳንቲም ተቀብሎኝ አያውቅም። ቡና ልጋብዝህ ብለው እንኳ ቀድሞኝ የሚከፍለው እሱ ነው። በዚህ ወደብ እንደሱ ያለ ሰው የለም!»

ባጁን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችላት።

«ይኸው፣ ይውሰዱት። ጥፋቱ የኔ ነው። እሱን ብቻ አይንኩብኝ።»

ሴትዮዋ ባጁን ተቀበለች። መነጽሯን አውልቃ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ ዩስራን አየች። ባጁን መልሳ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት፤ ነፋሱ የበተነውንም ጸጉር ከግንባሯ ሰበሰበችላት። ቀኑን ሙሉ ያልተናገረችበትን የቱኒስ ዐረብኛም ያኔ አወጣችው።

«ስልኩን ያስዘጋሁት እኔው ነኝ፤ የሚመጣው ዓርብ ከአባቱ ጋር ሆነን እንመጣለን፣ ልጄ፤ ለእናትሽ ንገሪያት፣ ብሪኩን ታዘጋጅ፣ ቢልሐሰን ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንቁላሉን ሳያፈስ በልቶ ስለማያውቅ አይታ እንዳላየች ትለፈው።»