ሁለት ቀን ሲቀረው

ዕንቁላሎቹ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጫጩት መፈልፈያ ውስጥ ከገቡ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል። ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው መብራት ጠፋ። ሴትዮዋ መፈልፈያውን በጋቢ ጠቅልላ ወደ መብራት ቢሮ ደወለች።

"ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል። ሌላ እስኪመጣ ጠብቁ" አሏት።

እስከ ከሰዓት ጠበቀች። አንዱን ዕንቁላል አውጥታ ጉንጯ ላይ ስታደርገው ቀዝቅዟል። ወደ ጆሮዋ ስታስጠጋው ግን ጫጩቱ ከውስጥ ይጮኻል።

ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ ጭንቀቷ ገረማቸው። "ያቺ ገብስማ ዶሮሽ አለች አይደል እንዴ? እሷ ስትታቀፍ አንድ ዕንቁላል አታበላሽም። አምጫትና አስታቅፊያት።"

ሴትዮዋ ዕንቁላሉን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

"መብራት ያስገቡልን ሠራተኞች ቤቴ ምሳ የበሉ ቀን አሳረድኳት" አለች። "እርስዎም ቀምሰዋታል፣ እትዬ።"